የሐሞት ከረጢቱ ወጣ እንጂ ሐሞቱ አልወጣም

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የዛሬ አራት ወር ጠጠር አለበት ተብሎ ሐሞቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ጎረቤቱም ዘመዱም "ከእንግዲህ ሐሞት የለሽምና ቅቤ አይፈጭልሽም" እያለ ስላስፈራራት፣ ዐውደ ዓመት መጥቶ ዶሮ ወጥ ሲቀርብ እንኳ እሷ እንጀራዋን በሽሮ ትበላለች። አንድ ሁለት ጊዜ ቅቤ የገባበት ወጥ ቀምሳ ሆዷን አስቀምጧታል። ለመሆኑ ሐሞት ስብን የሚፈጨው እንዴት ነው? ሐሞት የወጣለት ሰውስ ስብ መብላት ለዘለዓለም ቀረበት ማለት ነው?»

ምላሽ፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እናትዎን ከዐውደ ዓመት ገበታ ያራቃቸው እርሱ ነውና። እናትዎ ሐሞት አላቸው። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ሲሆን፣ በቀዶ ሕክምናው የወጣው ከጉበት ሥር ተለጥፎ የሚገኘው ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት በ24 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። ማጠራቀሚያው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ግን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ጉበቱ በቦታው እያለ «ሐሞት የለሽም» ማለት እንስራው ተሰበረ ብሎ ምንጩ ደረቀ እንደማለት ነው።

ጥፋቱ የጎረቤቶቻችሁ ብቻ አይመስለኝም፤ የቋንቋችንም ድርሻ አለበት። በአማርኛ ፈሳሹንም ከረጢቱንም በአንድ ቃል «ሐሞት» እንላለን። ዶሮ የበለተ ሰው ሁሉ ከጉበቷ ላይ የተጣበቀችውን አረንጓዴ ከረጢት ያውቃታል፤ «ሐሞቷ እንዳትፈነዳ» ሲባል ከረጢቷ ማለት ነው፣ «ጉበቱን ሐሞት ነክቶታል» ሲባል ደግሞ ፈሳሹ ነው። ሐኪሙም ወረፋው ሲረዝምበት «ሐሞትዎ ይወጣል» ብሎ ያልፋል፤ ታማሚው ግን የሚሰማው ፈሳሹም አብሮ ከሰውነቱ ሊነቀል እንደሆነ ነው። ወኔ ላጣ ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» የሚለው አነጋገራችን ሲጨመርበት፣ ሐሞት የወጣለት ሰው እንደ ጎደሎ ቢታይ አይገርምም። ስለዚህ ከዚህ በታች «ሐሞት» ስል ፈሳሹን፣ «ከረጢት» ስል ማጠራቀሚያውን ማለቴ እንደሆነ ይያዝልኝ።

ከረጢቱ ለሕይወት የግድ አስፈላጊ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ፈረስ፣ አህያና ግመል ያለ ከረጢት ነው የሚፈጠሩት፤ ርግብም እንደዚሁ። በሰው ላይ ደግሞ ካርል ላንገንቡኽ የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ውስጥ የአንድን የ43 ዓመት ሰው ከረጢት ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥቶ ሰውየው ድኗል። ከዚያ ወዲህ ይህ ቀዶ ሕክምና በዓለም ላይ እጅግ ከሚዘወተሩት የሆድ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ሆኗል።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ግን በአጠያየቁ ላይ መጠነኛ እርማት ይፈልጋል። ሐሞት ስብን አይፈጭም። ምግብን የሚቆራርጥ ኢንዛይም በሐሞት ውስጥ የለም። ከጉበት ሲወጣ ከ95 ከመቶ በላይ ውሃ ነው፤ በተረፈው ውስጥ የሐሞት ጨዎች፣ ሌሲቲን የተባለ ቅባት መሰል ነገር፣ ኮሌስትሮል፣ ቢጫ ቀለም የሚሰጠው ቢሊሩቢን እንዲሁም እንደ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ያሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። ስብን የሚቆርጠው ላይፔዝ የተባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ አብዛኛው የሚመጣው ከቆሽት ነው። የሐሞት ሥራ ስቡን ለላይፔዝ ማመቻቸት፣ ከተቆረጠም በኋላ እስከ አንጀት ግድግዳ ድረስ ማድረስ ነው።

ይህን የሁለቱን ፈሳሾች ጥምረት አጥርተው ያሳዩት ሁለት የፈረንሳይ ፊዚዮሎጂስቶች ናቸው፤ ሙከራቸው ቀላልና ውብ ስለሆነ ባጭሩ ልንገርዎ። በጥንቸል ሆድ ውስጥ የሐሞት ቱቦ ከላይ ወደ አንጀት ይገባል፤ የቆሽት ቱቦ ግን ከእርሱ በታች ራቅ ብሎ ነው የሚገባው። ክሎድ በርናር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ስብ የበላች ጥንቸል ሆድ ከፍቶ ሲመለከት፣ ከአንጀቷ የሚነሡት ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ስብ ተሸክመው እንደ ወተት ነጭ የሆኑት ከቆሽት ቱቦ በታች ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ፣ ሐሞት ብቻ በሚገኝበት የአንጀት ክፍል፣ ቧንቧዎቹ ጥርት እንዳሉ ነበሩ። በርናርም ለስብ ወሳኙ የቆሽት ፈሳሽ ነው አለ። ኋላ ላይ ደቀ መዝሙሩ አልበርት ዳስትር ነገሩን ገለበጠው፤ በውሻ ላይ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሐሞቱ ከቆሽት ቱቦ በታች ራቅ ብሎ እንዲፈስ መንገዱን ለወጠ። አሁን ደግሞ የቆሽት ፈሳሽ ብቻ ባለበት ክፍል ቧንቧዎቹ ጥርት ብለው ቀሩና ነጭ የሆኑት ሐሞቱ ከተቀላቀለበት ቦታ በታች ሆነ። አንዱ ያለ ሌላው ስቡን አያሳልፈውም።

ለምን? ላይፔዝ በውሃ ውስጥ የሚሟሟ ፕሮቲን ነው፤ ስብ ደግሞ ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ ላይፔዝ ወደ ስቡ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ የሚሠራው ስቡና ውሃው በሚነካኩበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ቅቤ ያስቡ፤ ስድስቱ ፊቶቹ ሲደመሩ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ናቸው። ይኸው ቅቤ ጎናቸው 1 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ ኩቦች ቢከፋፈል አጠቃላይ ገጹ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጎናቸው 1 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ፣ ወደሆኑ ቅንጣቶች ቢከፋፈል ግን ገጹ 6 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ 2 በ3 ሜትር የሆነች ጠባብ ክፍል ወለል ማለት ነው። ቅቤው አልጨመረም፤ ላይፔዝ የሚሠራበት ቦታ ግን 10,000 እጥፍ ሰፋ።

ይህን መከፋፈል የሚጀምረው ጨጓራ ነው። ጨጓራ ምግቡን እያሸና እያላተመ ስቡን ይሰባብረዋል፤ የራሱም ላይፔዝ ስላለው ከ10 እስከ 30 ከመቶ የሚሆነው የስብ መፈጨት እዚያው ይጀመራል። ነገር ግን የተሰባበረ ስብ ብቻውን ከተተወ ተመልሶ ይገናኛል። በቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ጠርሙሱን በኃይል ቢያናውጡት ለጥቂት ጊዜ ደፍርሶ ይታይና፣ ወዲያው ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንድ ይሆናል። ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ቢያናውጡት ግን ወተት የመሰለ ድፍርስ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

በአንጀት ውስጥ የሳሙናውን ቦታ የሚይዙት የሐሞት ጨዎች ናቸው። እኔ ግን ከፈሳሽ ሳሙና ይልቅ እንዶድን ማንሣት እመርጣለሁ። የእንዶድ ፍሬ ተቀጥቅጦ ጋቢ ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ነገር ስላለው ነው፤ ሳፖኒንም የሐሞት ጨውም አንድ ፊታቸው ውሃ የሚወድ፣ ሌላ ፊታቸው ስብ የሚወድ ነው። የሐሞት ጨው ስብ ወዳዱን ፊት ወደ ቅባቱ ጠብታ፣ ውሃ ወዳዱን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ ጠብታውን ይሸፍነዋል። በዚህ ጊዜ ጠብታዎቹ ተገናኝተው መልሰው መዋሃድ ያቅታቸዋል። ሌሲቲንና በጨጓራ የተቆረጠው ስብም በዚህ ያግዙታል፤ የሐሞት ጨው ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል ብርቱ አይደለም። የአንጀቱ መኮማተር ደግሞ የማናወጡን ሥራ ይሠራል። እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ማግኘታቸውን ያስታውሱ ይሆናል፤ እንደ ሳሙና የሚሠራ ነገር ሕዋስንም ይጎዳል። ሐሞትም ከቦታው ወጥቶ ወደ ጨጓራ ሲመለስ ግድግዳውን የሚያቆስለው በዚሁ ጠባዩ ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች ሁልጊዜ ግር የሚል ነገር አለ። የሐሞት ጨው የጠብታውን ገጽ በደንብ ከመሸፈኑ የተነሣ ላይፔዙንም ከገጹ ላይ ጠርጎ ያስወግደዋል። ያመቻቻል ያልነው ያባርራል ማለት ነው። ይህን የሚፈታው ቆሽት ከላይፔዙ ጋር አብሮ የሚያወጣው ኮላይፔዝ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ በሐሞት ጨው በተሸፈነው ገጽ ላይ ተጣብቆ ላይፔዙን ይዞ ያቆመዋል። ላይፔዙም ትራይግሊሰራይድ ከሚባለው የስብ ቅንጣት ሦስት እግሮች ሁለቱን ይቆርጣል፤ ሁለት ነጻ ፋቲ አሲዶችና አንድ ሞኖግሊሰራይድ ይቀራሉ።

ብዙ ጽሑፎች የሐሞትን ነገር እዚህ ላይ ይጨርሱታል። በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ሥራው ገና መጀመሩ ነው። የተቆረጡት ቅንጣቶች አሁንም ውሃ የሚጠሉ ናቸው፤ የአንጀት ግድግዳ ደግሞ በማይነቃነቅ ስስ የውሃ ንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ፋቲ አሲዶቹ ብቻቸውን ይህን ንጣፍ በበቂ ፍጥነት አይሻገሩትም። ስለዚህ የሐሞት ጨዎች ተሰባስበው ሚሴል የሚባል እጅግ ደቃቅ እሽግ ይሠራሉ። ስፋቱ ከሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ከ4 እስከ 8 እጥፍ ቢሆን ነው፤ ውጭው ውሃ ወዳድ፣ ውስጡ ስብ ወዳድ ነው። ፋቲ አሲዱ፣ ሞኖግሊሰራይዱ፣ ኮሌስትሮሉ፣ እንዲሁም በስብ ውስጥ የሚሟሟት ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በዚህ ውስጥ ተሳፍረው የውሃውን ንጣፍ ይሻገራሉ። ግድግዳው ዘንድ ሲደርሱ ጭነቱ ወርዶ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ የሐሞት ጨው ግን አይገባም፣ ሌላ ጭነት ሊቀበል ወደ መሐል ይመለሳል። በሕዋሱ ውስጥ ቁርጥራጮቹ እንደገና ተገጣጥመው ስብ ይሆኑና ካይሎማይክሮን በሚባል እሽግ ወደ ሊምፍ ቧንቧ ይገባሉ፤ በርናር ወተት መስሎ ያየው ይህንኑ ነበር።

ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው በጥቂት ጨው ነው። በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ በማናቸውም ጊዜ ያለው የሐሞት ጨው በጠቅላላው ከ2 እስከ 4 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የገበታ ጨው ያንሳል። የሚበቃው እንደ ዕድር ዕቃ ስለሆነ ነው፤ የዕድር ድስትና ሰሃን ለእያንዳንዱ ቤት አዲስ አይገዛም፣ ከአንዱ ለቅሶ ቤት ይመለስና ለሌላው ይወጣል። የሐሞት ጨውም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ ኢሊየም በሚባለው፣ 95 ከመቶ ያህሉ ተሰብስቦ በደም ወደ ጉበት ይመለሳል፤ ጉበትም መልሶ ወደ አንጀት ይለቀዋል። ይህ ምልልስ በቀን ከ6 እስከ 10 ጊዜ ያህል ይደረጋል። በሰገራ የሚጠፋውን ጥቂት ጉበት ከኮሌስትሮል አዲስ ሠርቶ ይተካዋል። የእናትዎን ጉዳይ ለመረዳት ከሁሉም በላይ ይህን ምልልስ ልብ ይበሉ፤ በቀዶ ሕክምናው ያልተነካው እርሱ ነውና።

እንግዲህ ከረጢቱ ምን ይሠራ ነበር? ጊዜ ይጠብቅ ነበር። ሰው ሳይበላ ሲቆይ የሐሞት ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው የጡንቻ ቀለበት ስለሚዘጋ ሐሞቱ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። ከረጢቱም ውሃውን እየመጠጠ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ያወፍረዋል፤ በዶሮዋ ከረጢት ውስጥ ያለው አረንጓዴና ወፍራም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ከጉበት የሚወርደው ግን ወርቃማ ቢጫና ቀጭን ነው። ከዚያ ቅቤ ያለው ጉርሻ ከጨጓራ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ወደሆነው ዱዎዲነም ሲገባ፣ የአንጀቱ ግድግዳ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ሆርሞኑን አይቪና ኦልድበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኙት ሲሆን፣ የስሙም ትርጉም ከረጢት አንቀሳቃሽ ማለት ነው። በእርሱ ትእዛዝ ከረጢቱ ይኮማተራል፣ ቀለበቱ ይከፈታል፣ ቆሽትም ኢንዛይሙን ይለቃል። ለሆድ አልትራሳውንድ «ሳትበላ ና» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ የበላ ሰው ከረጢት ተጨምቆ ስለሚያንስ ጠጠሩ በግልጽ አይታይም። ጠጠር ያለበት ሰው የቀኝ ጎኑን የሚያመው ቅባት ከበላ በኋላ የሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ከረጢቱ ሲጨመቅ ጠጠሩ መውጫው ላይ ይወተፋል። እናትዎ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቅቤ ሲበሉ ይታመሙ ከነበረ፣ የዛሬው ፍርሃታቸው ከዚያ ትዝታ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ያን ሕመም ያመጣው ጠጠሩ ነበር፤ ጠጠሩ ያለበት ከረጢት ደግሞ አሁን የለም።

ከረጢቱ ሲወጣ የሚለወጠው ሐሞቱ የሚፈስበት ጊዜና ውፍረቱ ነው። ሐሞቱ ሳይጠራቀም ቀንም ሌሊትም ቀስ እያለ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ምግብ ሲበላ ደግሞ በአንጀት ውስጥ ያለው ጨው በምልልሱ ወደ ጉበት ስለሚመለስ ጉበት ፍሰቱን ይጨምራል። ለዚህ ነው ከረጢት የሌላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ስብን ከሌላው ሰው እምብዛም ባልተለየ ሁኔታ የሚያዋሕዱት። ችግር ሊታይ የሚችለው ብዙ ስብ በአንድ ጊዜ ሲገባ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 13 ግራም ገደማ ስብ ነው፤ በደንብ የተሠራ የዶሮ ወጥ ደግሞ ለአንድ ሰው ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊያደርስ ይችላል። ለወራት ሽሮ ብቻ ሲበላ የከረመ አንጀት ይህን በአንድ ገበታ ሲቀበል ቢያጉረመርም አይደንቅም፤ ከረጢት ያላቸውም ቢሆኑ በፋሲካ ሌሊት ከ55 ቀን ጾም በኋላ የሚገጥማቸው ነው።

የእናትዎ መቀመጥ ግን «ስቡ ስላልተፈጨ ነው» ተብሎ ወዲያው መደምደም የለበትም። ከረጢታቸው ከወጣላቸው ሰዎች ከአሥር አንድ በሚሆኑት ላይ ተቅማጥ ይታያል፤ ዋናው ምክንያትም አብዛኛውን ጊዜ የሐሞት ማነስ ሳይሆን የሐሞት ጨው በመጠኑ በዝቶ ወደ ትልቁ አንጀት ማለፉ ነው። ትልቁ አንጀት የሐሞት ጨው ሲነካው ውሃ ያወጣል፣ ይቸኩላልም። ከሰው ግምት ጋር ተቃራኒ ነው፤ ሰዎች ሐሞት የላቸውም ያሏቸው እናት የሚቸገሩት ትልቁ አንጀታቸው ሐሞት በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ተቅማጥ ውሃማና አጣዳፊ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጠዋት ከመጀመሪያው ምግብ በኋላ ይመጣል። በብዙዎች ላይ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ ይረግባል፤ ባይረግብ ኮሌስታይራሚን የሚባል የሐሞት ጨው የሚይዝ ዱቄት መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ሲያዝዘው ነው የሚወሰደው፣ ሌሎች መድኃኒቶችንም ስለሚይዝ ከእነርሱ በሰዓታት ተራርቆ ይወሰዳል።

እውነተኛ የስብ አለመፈጨት ሌላ መልክ አለው። ሰገራው ብዛት ያለው፣ ፈዛዛ፣ የሚያብረቀርቅና ክፉኛ የሚሸት ሲሆን፣ ውሃ ቢደፋበትም ከመጸዳጃው ጎን ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሰውየውም ይከሳል። በቀን 100 ግራም ስብ የሚበላ ጤነኛ ሰው በሰገራው የሚያጣው ከ7 ግራም አይበልጥም፤ ሐሞት ጨርሶ ወደ አንጀት ካልደረሰ ግን ከተበላው ስብ እስከ 40 ከመቶ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል። ያም ሆኖ ሁሉም አይጠፋም፤ ላይፔዝ ያለ ሐሞትም ቢሆን እየተንገዳገደ ጥቂት ይሠራል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰገራ ሲያጋጥም ቀዶ ሕክምናውን ከመወንጀል በፊት ጃርዲያ የተባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሐዋስ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የሰገራ ምርመራውም ርካሽ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመጣ ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው የመጣ አይደለም።

ሐሞት በእውነት የሚቋረጠው ቱቦው ሲዘጋ ነው፤ ከረጢቱ ከወጣ በኋላም ቢሆን በቱቦው ውስጥ የቀረ ወይም አዲስ የተሠራ ጠጠር ሊዘጋው ይችላል። ሰገራ ቡናማ የሆነው ከቢሊሩቢን በሚገኝ ቀለም ስለሆነ፣ መንገዱ ሲዘጋ ሰገራው እንደ ነጭ ሸክላ አፈር ይነጣል፤ ቀለሙ ወደ ደም ተመልሶ የዓይን ነጩን ቢጫ፣ ሽንቱን ደግሞ እንደ ጠቆረ ሻይ ያደርገዋል። ሰዎች «የወፍ በሽታ» ብለው ለባህል መድኃኒት የሚሮጡት ይህን ጊዜ ነው፤ ሆኖም ቱቦው የተዘጋበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሳይዘገይ መድረስ አለበት። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት የቱቦው ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

መዘጋቱ ሲረዝም ቫይታሚን ኬ ስለማይገባ ደም መርጋት ያቅተዋል። ቫይታሚኑን ያገኘው ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም ሲሆን፣ «ኬ» የሚለውን ፊደል የወሰደው ደም መርጋት በዴንማርክኛ ከሚጠራበት «Koagulation» ከሚለው ስያሜ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1943ን የኖቤል ሽልማት ከኤድዋርድ ዶይዚ ጋር ተካፍሎበታል። ከእርሱ ግኝት በፊት ዓይናቸው ቢጫ ለሆነ ሕሙማን ቀዶ ሕክምና ማድረግ እጅግ ያስፈራ ነበር፤ ቁስሉ ይደማ ነበርና። ዛሬም እንዲህ ላሉት ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በፊት ቫይታሚን ኬ በመርፌ እንሰጣለን፤ በአፍ ቢሰጥ ሐሞት የሌለበት አንጀት አይቀበለውም።

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚዘዋወረው አንድ ነገር ደግሞ ላንሣ፤ እናትዎም ጋር ሳይደርስ አይቀርም። ብዙ የወይራ ዘይት ከሎሚ ጭማቂ ጋር ጠጥተው በማግስቱ አረንጓዴ ድብልብል ነገሮች ሲወጡ «ጠጠሩ ወጣ» የሚሉ አሉ። እነዚያ ድብልብሎች ከተጠጣው ዘይት በአንጀት ውስጥ የተሠራ ሳሙና መሰል ነገር ናቸው፤ ከረጢት በሌለው ሰውም ይወጣሉ። በቅርጫ ቀን ጥሬ ጨጓራ ላይ ሐሞት ጠብ አድርገው የሚበሉ ሰዎች ለእናትዎም «የጎደለሽን ይተካልሻል» ብለው ቢያቀርቡላቸው አይቀበሉ። የጎደላቸው ሐሞት የለም፤ ጥሬ ነገር ደግሞ ተሐዋስያን ይዞ ሊገባ ይችላል።

በተግባር እንዲህ ቢያደርጉ እመክራለሁ። ቅቤውን ከነጭራሹ ከመከልከል ይልቅ በትንሹ ይጀምሩ፤ በሽሯቸው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ለአንድ ሳምንት፣ ከተስማማቸው በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት። የቀኑ ስብ በአንድ ገበታ ከሚሰበሰብ በሦስትና በአራት አነስተኛ ምግብ ቢከፋፈል፣ ቀስ እያለ ከሚወርደው ሐሞት ጋር ይመጣጠናል። የአጃ ገንፎ ወይም የአጃ ሾርባ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር የሐሞት ጨውን በመጠኑ ስለሚይዝ ለሚቸኩል አንጀት ይስማማል። የሚጾሙ ከሆነ ረጅም ሰዓት ከቆዩ በኋላ የመጀመሪያው ገበታ ቀለል ያለ ይሁን። ኮምጣጤና በርበሬ ስብ ባይሆኑም አንዳንዱን ሰው ያውካሉና፣ ቅቤው ብቻ እንዳይወነጀል ወጡ ውስጥ የገባውን ሁሉ ማስተዋል ይገባል።

ለሁለት ሳምንት የበሉትን፣ የተቀመጡበትን ሰዓትና የሰገራውን መልክ በደብተር ይመዝግቡላቸው። ተቅማጡ ከቀጠለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው ከሆነ፣ ደም ከታየበት ወይም ክብደታቸው ከቀነሰ፣ ደብተሩንና የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይዘው ወደ ሐኪማቸው ይውሰዷቸው፤ የሰገራ፣ የጉበትና የአልትራሳውንድ ምርመራ በዚያ ይታዘዛል። ለአልትራሳውንዱ ከረጢታቸው ባይኖርም ሳይበሉ ቢሄዱ ይሻላል፤ በአንጀት ውስጥ ያለው አየር ቱቦውን ይጋርደዋልና።